ቀይ ቀበሮን የሚከታተል የወጣቶች ቡድን ማቋቋም፦ ከጓሳ ምድር የተነሳ የአሠራር መመሪያ

መንዝ ላይ ያለው ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሣር ምድር ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሁለቱ የመንዝ አቅኚ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ተወላጆች «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስ በውሳኔ ይከፈታል፤ ሳይፈቀድለት ያጨደ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስት ሥርዓቱ ሲቀር ቄሮም አብሮ ተናጋ። ሕዝቡ ግን በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬ በክልሉ ሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና ጅብራ እዚያ እስከ ዛሬ የቆዩት ሰው ስላልደረሰባቸው ሳይሆን የአካባቢው ሰው ሕግ ስላወጣላቸው ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ባለ ደጋ ላይ፣ በጓሳም ይሁን በወሎ፣ በሰሜን፣ በአርሲ ወይም በባሌ ተራሮች፣ የአካባቢውን ወጣቶች አሠልጥኖ ክትትል ማስጀመር ለሚፈልግ መምህር፣ የልማት ሠራተኛ ወይም የማኅበር አመራር ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ያሉት።

1. ከወጣቱ በፊት ሽማግሌው

ብዙ ቡድን የሚፈርሰው ገና ሲጀመር ነው፤ መጀመሪያ ሥልጠና ተሰጥቶ ኋላ ፈቃድ ስለሚጠየቅ። ሣሩን የሚዘጋውና የሚከፍተው ኮሚቴ ወይም ጉባኤ ሳያውቅ ወረቀት ይዞ ሜዳ ላይ የሚዞር ወጣት መሬት ለባለሀብት የሚለካ ይመስላል። ይህ ጥርጣሬ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይነቀልም።

ስለዚህ ከሽማግሌዎቹ፣ ከቀበሌውና ከጥብቅ ስፍራው ጠባቂዎች ጋር ተቀመጡና ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። አንደኛ፣ ወጣቶቹ ያዩትን ለማን ነው የሚያቀርቡት? ሁለተኛ፣ መዝገቡ የማን ነው? መልሱ «የማኅበረሰቡ» መሆን አለበት፤ የፕሮጀክት ከሆነ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ወጣቶቹ የማያደርጉት ምንድን ነው? ሌሊት ሣር የሚያጭድ ሰው ቢያገኙ አይዙም፣ አይከራከሩም፣ ፎቶ አያነሱም፤ ቦታና ሰዓት ጽፈው ለጠባቂው ይነግራሉ። ጎረቤቱን ያስቀጣ ልጅ በማግስቱ እዚያው መንደር ነው የሚያድረው።

2. ማንን እንምረጥ

ከእያንዳንዱ አዋሳኝ ቀበሌ 2 ወይም 3፣ በጠቅላላው 12 ሰው ይበቃል። ዕድሜያቸው ከ16 በታች አይሁን፤ ከ18 በታች ለሆኑት ወላጅ ይፈርም። በክፍል ውጤት አትምረጡ። አንድ ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጧቸውና ለ10 ደቂቃ ፊት ለፊት ያለውን ተረተር አይተው ያዩትን እንዲናገሩ አድርጉ። በእረኝነት ያደገ ልጅ የትኛው ጉድጓድ አዲስ አፈር እንዳለው፣ የትኛው በግ ከመንጋው እንደተለየ ይነግራችኋል። መጻፍ በሁለት ሳምንት ይለመዳል፤ ዓይን ግን እንዲህ በቶሎ አይገኝም።

ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። እንጨትና ኩበት ፍለጋ የሚዞሩት እነሱ ስለሆኑ ማን የት እንደሚቆርጥ ያውቃሉ። ወላጆች የሚሰጉት የመመለሻው ሰዓት ነው፤ ጉዞው ሁሉ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ቤት የሚያደርስ ሆኖ ከታቀደ ብዙውን ጊዜ ይፈቅዳሉ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ይሄዳልና በየዓመቱ ከ9ኛ ክፍል ሁለት ሁለት አዳዲስ ልጆች ጨምሩ።

አበልን በተመለከተ፦ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ መክፈል የማትችሉትን በመጀመሪያው ወር አትክፈሉ። ምሳ፣ ጫማና የዝናብ ልብስ ግን ግዴታ ነው።

3. ዕቃ

ለሁለት ሰው አንድ 8×42 ባይናኩላር። ከዚህ የሚበልጥ ማጉያ በነፋስ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጉም ባለበትም ጨለማ ያሳያል። የ50 ሜትር ገመድ በየ10 ሜትሩ ጨርቅ የታሰረበት። ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ደብተርና እርሳስ፤ እስክሪብቶ በጤዛ ይፈሳል፣ በብርድ ይደርቃል። ጂፒኤስ ያለው አንድ ስልክ ለቡድኑ በቂ ነው፤ ባትሪው በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ከጃኬት ውስጥ፣ ከሰውነት ጋር ይያዝ። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ስለሚጥል ከባና የተሰፋ ካፖርት ከገበያ ስስ ጃኬት ይሻላል። ቀለሙ ግን ደማቅ አይሁን።

4. ሥልጠናው

ስድስት ቅዳሜ ይበቃል። በተከታታይ ስድስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ማሠልጠን ገንዘብ ማባከን ነው፤ በሦስተኛው ቀን የቀረው ወረቀቱና ምሳው ብቻ ይሆናል። በየሳምንቱ አንድ ነገር ተምረው፣ ሳምንቱን ሙሉ በየመንገዳቸው ተለማምደውት ይምጡ።

መጀመሪያ መለየት። ቀይ ቀበሮ ጸጉሩ ቀይ ነው፤ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ አለው፤ እግሩ ረጅም፣ አፈሙዙ ቀጭንና ሹል ነው። ዋናው ምልክት ጅራቱ ነው፦ ከሥሩ ነጭ፣ ወደ ጫፉ ጥቁርና ዝርግፍ ያለ። ተራ ቀበሮ አመድማ ቡናማ ነው፤ ጀርባው ይጠቁራል፤ ነጭና ቀይ ተለይተው አይታዩበትም። ጀማሪ የሚሳሳተው ግን ከተራ ቀበሮ ይልቅ በቀይ ውሻ ነው። ጆሮው ከታጠፈ ወይም ጅራቱ ወደ ላይ ከተጠቀለለ ውሻ ነው። በቂ ሳያዩ «ቀይ ቀበሮ» ብሎ ከመጻፍ «ያልተለየ» ብሎ መጻፍ እንደሚያስመሰግን ከመጀመሪያው ቀን አስለምዷቸው።

ቀጥሎ ርቀት። ሜዳ ላይ በ25፣ በ50፣ በ100፣ በ150 እና በ200 ሜትር እንጨት ትከሉ፤ ቁጥሩን አትንገሯቸው። እያንዳንዱ ገምቶ ይጻፍ፤ ከዚያ በገመድ ይለካ። በመጀመሪያው ቀን 200 ሜትሩን 100 የሚል አይጠፋም፤ ደጋ ላይ አየሩ ጥርት ስለሚል ሩቁ ቅርብ ይመስላል። ሸለቆ አሻግሮ ሲገመት ስህተቱ ይብሳል። ስህተታቸው ከአምስት አንድ እጅ በታች እስኪወርድ ይደጋገም። በየሦስት ወሩም ይታደስ።

ሦስተኛው መዝገብ ነው። ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ቀን፣ የቆጠራ መስመሩ ቁጥር፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የተመልካችና የጸሐፊ ስም፤ ከዚያ በየተራ እንስሳው፣ ብዛቱ፣ ጎልማሳ ወይም ግልገል፣ በግራ ወይም በቀኝ፣ መጀመሪያ ሲታይ የነበረው ርቀት፣ ምን ሲያደርግ እንደታየ። በታችኛው ክፍል የሰው ሥራ ይመዝገብ፦ አጫጅ፣ ከብት፣ ውሻ፣ አዲስ የተቆረጠ የአስታ ቁጥቋጦ። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን፤ ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ከተሞላ ሁለቱ ይቀላቀሉና ከጠዋቱ 1 ሰዓት የታየው ቀበሮ በሌሊት የታየ ሆኖ ይገኛል።

5. የቆጠራ መስመር

ይህ የሥራው እምብርት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በካርታ ላይ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር የሚሆኑ ሦስት ወይም አራት ቀጥ ያሉ መስመሮች ምረጡ። የጓሳ ሣሩን፣ የአስታ ቁጥቋጦውንና ረግረጉን ሁሉ ያቋርጡ። መኪና መንገድን ተከትሎ መሄድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የመንገድ ዳር ቆጠራ የሚነግራችሁ ስለ መንገዱ ዳር ብቻ ነው። በመስመሮቹ መካከል ቢያንስ 2 ኪሎ ሜትር ይኑር። የአንድ የቀበሮ ቤተሰብ ግዛት በአማካይ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መስመሮቹ ከተጠጋጉ አንዱን ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ትቆጥራላችሁ። መነሻና መድረሻውን በጂፒኤስ መዝግቡ፤ በየ500 ሜትሩም የድንጋይ ካብ አቁሙ። እረኞች ካቡን ያፈርሱታል፤ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ከተነገራቸው ግን ራሳቸው ይጠብቁታል።

ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድን እንስሳ ነው፤ ምግቡ አይጥና ፍልፈል፣ እነሱም የሚወጡት በቀን ነውና። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ሁለት ሰው ይሂድ፦ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል፤ መንገዱ ሲጋመስ ይለዋወጣሉ። ሦስተኛ ሰው ከተጨመረ ወሬ ይጀመራል። በየ200 ሜትሩ ለ2 ደቂቃ ቁሙና ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ቃኙ። ከመነሳታችሁ በፊት አንዴ ወደ ኋላ ዙሩ፤ ቀበሮ ሣር ውስጥ ተኝቶ ካሳለፋችሁ በኋላ የሚነሳበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ አካሄድ 4 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። በአንድ ሰዓት ጨርሶ የመጣ ቡድን አልቆጠረም፤ ተራምዶ መጥቷል።

ጉሙ ከ200 ሜትር በላይ የማያሳይ ከሆነ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ካልገለጠ «ጉም፣ አልተሄደም» ብላችሁ ጽፋችሁ ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው። አንደኛው ባዶ ቀንን መፍራት ነው። ምንም ያልታየበት ቀን «0» ተብሎ ካልተጻፈ መዝገቡ ሁልጊዜ ቀበሮ የሞላበት አገር ያሳያል። አሠልጣኙ ባዶ ገጽ ሲያይ ፊቱን ካጠቆረ በሚቀጥለው ወር ባዶ ገጽ አያይም፤ በልብ ወለድ የተሞላ ግን ያያል። ሁለተኛው ደግሞ መስመሩን ወደ ቀበሮው ማጠፍ ነው። ልጆቹ ጉድጓዱ የት እንዳለ ካወቁ እግራቸው ሳያስቡት ወደዚያ ያዘነብላል። ሦስተኛው ከመስመር ውጭ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ የታየውን አብሮ መደመር ነው፤ እሱ በሌላ ገጽ ይጻፍ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሦስት የ4 ኪሎ ሜትር መስመሮች ተሂደው 6 ቀበሮ ከታየ፣ 6 ለ12 ሲካፈል በኪሎ ሜትር 0.5 ይሆናል። ይህ ቁጥር የቀበሮዎቹ ጠቅላላ ብዛት አይደለም፤ የመጨመርና የመቀነስ ምልክት ነው። የሚነጻጸረውም ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ነው፤ የኅዳር ጥርት ያለ ጠዋትና የነሐሴ ጉም አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም።

ስለ ጉድጓድ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። ቀይ ቀበሮ የምትወልደው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥ የምትወልደውም አብዛኛውን ጊዜ አንዷ የበላይ ሴት ብቻ ናት። በእነዚህ ወራት ወደ ጉድጓድ ከ200 ሜትር ባነሰ ርቀት አትቅረቡ። ከተረበሸች ግልገሎቿን በአፏ እያነሳች ወደ ሌላ ጉድጓድ ታጓጉዛለች፤ በውርጭና በንስር መካከል የሚደረግ ጉዞ ነው። የጉድጓዱን ቦታ ለጎብኚ አትንገሩ፤ ፎቶውንም በማኅበራዊ ሚዲያ አትለጥፉ።

ጭላዳን ደግሞ በመስመር አትቁጠሩ፤ መንጋው መቶዎች ሆኖ ይደባለቃል። ጠዋት ከገደሉ ሲወጣ ወይም ማታ ሲወርድ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይቁጠሩ። ልዩነታቸው ከመቶ 10 ካለፈ ቁጥሩን ጥላችሁ በማግስቱ ድገሙት።

6. ውሻ

ቀይ ቀበሮን በአንድ ወቅት የሚጨርሰው ጥይት ወይም ረኃብ ሳይሆን ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ ቫይረስ በሽታ። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ተራሮች ውስጥ ዌብ ሸለቆ ላይ የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በሽታው በገባበት አካባቢ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጁን ገደለ። ስለዚህ ወጣቶቹ ቀበሮ መቁጠር ከሚማሩት እኩል ውሻ መመዝገብ ይማሩ። ከከብት ጋር ወደ ሣሩ የሚወጣው ውሻ የእነሱው ቤት ውሻ ነው።

ክትባቱን የሚሰጠው የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ የወጣቶቹ ሥራ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ቤት ለቤት ሄደው ውሻውን በስሙ ይመዝግቡ፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ከዚህ በፊት ተከትቦ ከሆነ መቼ፣ ከብት ይከተላል ወይስ ቤት ይጠብቃል። ስሙን መጻፍ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ በስም የተጠራ ውሻ በባለቤቱ ይመጣል። ቀኑን በዕድርና ከቅዳሴ በኋላ አስነግሩ። ሥራው ውሾች ከመንጋ ጋር ሳይወጡ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይካሄድ። ውሻውን ባለቤቱ ይያዝ፤ አፉንም በጨርቅ ይሰር። ወጣቶቹ ራሳቸው አስቀድመው ካልተከተቡ ውሻ አይይዙም።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። መሞቁን ሁሉም ይፈራል፤ መቀዝቀዙን ግን የሚፈራ ጥቂት ነው። ጠርሙሱ በረዶውን በቀጥታ ከነካ ይረጋና ይበላሻል፤ በመካከሉ ወፍራም ጨርቅ ወይም ካርቶን አስገቡበት። ለተከተበ ውሻ ግንባሩ ላይ የእንስሳት ምልክት ቀለም ይደረግለት። የጨርቅ ማተብ ማሰር ሞክራችሁ ከሆነ ልጆች እየፈቱ እንደሚወስዱት ታውቃላችሁ።

በዚያው ቀን ማታና በማግስቱ ጠዋት በመንደሩ ዙሩና ያገኛችሁትን ውሻ ሁሉ ቁጠሩ። ከ50 ውሾች 35ቱ ምልክት ካላቸው 70 በመቶ ደርሳችኋል፤ በሽታው በውሾች መካከል እንዳይዛመት የሚፈለገው ቢያንስ ይህን ያህል ነው። 20 ብቻ ከሆኑ ያመለጡት ቤቶች የትኞቹ እንደሆኑ ከመዝገቡ አውጥታችሁ ባለሙያውን መልሱት። ውሻ ቶሎ ይወልዳል፣ ቶሎም ይሞታል፤ ዘንድሮ የደረሰው 70 በመቶ ለከርሞ አይተርፍም፤ በየዓመቱ ይደገማል። ለእብድ ውሻ በሽታ የተሰጠው ክትባት ዲስቴምፐርን እንደማይከላከልም ለባለቤቶቹ ንገሩ፤ አለበለዚያ የተከተበ ውሻ ሲሞት «ክትባቱ ገደለው» ይባላል።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበል የሚሄድም ካለ ከመርፌው ጋር እንጂ በመርፌው ፋንታ አይሁን።

የሞተ ቀበሮ ስታገኙ በእጅ አትንኩ። ቦታውን መዝግቡ፣ ውሻና አሞራ እንዳይደርስበት በድንጋይ ክለሉት፣ ወዲያውኑ ለጠባቂውና ለእንስሳት ሐኪሙ ደውሉ። ምርመራው የሚሠራው ከአንጎል ናሙና ስለሆነ አንድ ቀን ካደረ ዋጋው ይቀንሳል። በአንድ ሳምንት ሁለት የሞተ ቀበሮ መገኘት እንደ አስቸኳይ ጉዳይ ይታይ። ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ተደርጎ የሚሰጥ የአፍ ክትባት አለ፤ ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ተጀምሯል፤ ይህ ግን በዱር እንስሳት ባለሥልጣኑ ፈቃድ በባለሙያ የሚሠራ እንጂ የቡድን ሥራ አይደለም።

7. «ቀበሮ በጌን በላው»

ይህ አቤቱታ ሲመጣ በዚያው ቀን ሂዱ። ከባለቤቱ ጋር አትከራከሩ፤ በጉን እዩ። ቆዳውን አንገቱ ላይ ግለጡ። ከቆዳው ሥር የረጋ ደምና የበለዘ ሥጋ ካለ በሕይወት እያለ ነው የተነከሰው። ሥጋው ንጹህና ደረቅ ከሆነ ግን በጉ አስቀድሞ በሕመም ወይም በብርድ ሞቷል፤ አውሬው የመጣው በኋላ ነው። ትልልቅ አጥንት ተሰባብሮ ከተበላ ጅብ ነው፤ ቀበሮ ያንን አይችልም። ሌሊት የጠፋ በግ ከሆነ የቀይ ቀበሮ ሥራ የመሆኑ ዕድል ይጠባል። ቀይ ቀበሮ ግልገል በግ የሚወስድበት ጊዜ አለ፤ የለም ብሎ መሸምጠጥ የቡድኑን ቃል ዋጋ ያሳጣል። የታየውን እንዳለ ጻፉ፤ ባለቤቱም ይፈርምበት። በዓመቱ መጨረሻ ስንቱ በግ በጅብ፣ ስንቱ በውሻ፣ ስንቱ በቀበሮ እንደሄደ ማሳየት የሚቻለው በዚህ ነው።

8. ሣሩን መለካት

ቀበሮ ያለ አይጥ፣ አይጥ ያለ ሣር አይኖርም። ጎኑ 1 ሜትር የሆነ የገመድ ካሬ ሥሩና በመስመሩ ላይ በ20 ቦታ ጣሉት። በእያንዳንዱ ቦታ የሣሩን ቁመት በአምስት ነጥብ ለኩ፤ ባዶ መሬቱ ከአራት ስንት እጅ እንደሆነም ገምቱ። ካሬውን ሣሩ ወደሚያምርበት አትወርውሩ፤ በየ200 ሜትሩ፣ የቆማችሁበት ቦታ ላይ ይውደቅ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፦ ሣሩ ሊከፈት ሲል በበጋ፣ ከተዘጋም በኋላ ከክረምት ማግስት።

9. መዝገቡን ወደ ጉባኤ መመለስ

ሣሩ ይከፈት አይከፈት ተብሎ የሚመከርበት ስብሰባ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ወጣቶቹ የዓመቱን መዝገብ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ያውጡ። ግራፍ አያስፈልግም፤ ለአንድ ቀበሮ አንድ ጠጠር፣ ለአንድ የተከተበ ውሻ አንድ ባቄላ ጨርቅ ላይ ቢደረደር አዛውንቱም ያነቡታል። አምና እዚህ፣ ዘንድሮ እዚያ። የሚያቀርቡት ሁለት ወጣቶች ይሁኑ፣ አንዷ ሴት፤ ከ15 ደቂቃ አይብለጥ። አሠልጣኙ ከኋላ ይቀመጥ፣ አይናገር። ልጆቹ «ሣሩ አይከፈት» ብለው አይፍረዱ፤ «በሦስተኛው መስመር ላይ ካሬው ከወደቀበት 20 ቦታ በ9ኙ ግማሹ ባዶ መሬት ነው» ይበሉና ይቀመጡ። ፍርዱ የጉባኤው ነው።

ሽማግሌዎቹ የሚሉትንም እዚያው ይጻፉ፤ «በዚያ ረግረግ ዳር ድሮ ጉድጓድ ነበር» የሚል አንድ ቃል የሚቀጥለውን ዓመት መስመር ሊያስለውጥ ይችላል። መስመር ግን ከመጨመር በቀር አይነሳ፤ የተነሳ መስመር የኋላውን ዓመት ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ደብተሩ ከሞላ በኋላ ሁለት ቅጂ ይኑረው። ዋናው በማኅበሩ የቁልፍ ሣጥን፣ ፎቶ ኮፒው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ይበል፤ አይጥ የሚወደው ሣር ብቻ አይደለም።